አርባ አንደኛው ምንጭ

«ማኅበሩ ድንገት ቢከስር መጀመሪያ የምናወጣው የእኛን ነው። የተረፈውን እነሱ ይካፈሉታል።»

ሻሺቱ ይህን የሰማችው ቅዳሜ በማለዳ፣ ጓዳዋ ውስጥ ተንበርክካ የገበያ ቅቤዋን በቀዝቃዛ ውኃ እያጠበች፣ በመዳፏ ጠፍ ጠፍ እያደረገች ስታድቦለቡል ነው። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ችፑድ ነው። ችፑድ ዓይንን ይከልላል እንጂ ጆሮን የሚያግድ ነገር አይደለም፤ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በችፑድ ተከፋፍለው የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፣ እንግዶቻቸው ግን አያውቁም። የተናገረው ጉግሳ ነበር፤ ከመሀል አገር መጥቶ በዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈተው፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ጉግሳ። የሚያዳምጠው ደግሞ ባሏ ካሱ ነው፤ ከሸማኔነት ተነስቶ ፈትል ነጋዴ የሆነው። «ይኼ ስብሰባው ላይ አይነበብም፤» ቀጠለ ጉግሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝቅ ማድረጉ ምንም ሳይጠቅመው። «በአንተና በእኔ መካከል ይቅር። የሮጥነው እኛ፣ ቢሮውን የተከራየነው እኛ። የሚገባን ነው።» የሻሺቱ መዳፍ ቅቤው ላይ እንዳለ ቆመ። የካሱን መልስ ጠበቀች። ይህን ያህል ዘመን አብራው ኖራለች፤ «ተው እንጂ» ይላል ብላ ጠበቀች፣ ቢያንስ ያጉረመርማል ብላ ጠበቀች። ካሱ ግን «እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጉግሳ ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ፤ ሻሺቱም እጇን ከቅቤው ሳታነሳ እዚያው ቀረች።

«እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። እነሱ ማለት አሳ ሻጯ አገርነሽ ናት። እነሱ ማለት በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ፈይሩዝ ናት፣ ከጫኖ ሙዝ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ጋቢ የሚሸምኑት የዶርዜ ልጆች ናቸው። ያኔ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ኢንቨስትመንት የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነበር፤ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በአፉ ሊይዘው ይፈልግ ነበር። የእነ ካሱ ሐሳብ ግን ቀላል ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሹን ያዋጣል፣ ማኅበሩ ያንን ሰብስቦ አዋጪ ሥራ ላይ ያውለዋል፣ ዛሬ ለሙዝ ጭነት፣ ነገ ለወፍጮ፣ ከነገ ወዲያ ለአሳ ማቀዝቀዣ፤ ትርፉን ለባለድርሻዎቹ ያከፋፍላል። ስም ያወጣለት የካሱ የእህቱ ልጅ ጌዲዮን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሮ የመጣ፣ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የአጎቱን ቤት ሶፋ የሚያሞቅ ወጣት። «ከተማችን አርባ ምንጭ አላት፣ አርባ አንደኛው እኛ ነን» አለ። ሰው ሁሉ ወደደው። ዛሬ ከሰዓት በሸማኔዎቹ ዕድር አዳራሽ የምሥረታ ስብሰባው ይካሄዳል፤ ከጸደቀ ሰኞ ገንዘቡ ለመጀመሪያው ሥራ ይወጣል። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ መመለስ የለም።

ሴቶቹ ማኅበሩን አያውቁትም፣ የሚያውቁት ሻሺቱን ነው። አገርነሽ ለቤቷ ቆርቆሮ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ያመጣችው የጌዲዮን ንግግር ማርኳት አይደለም። ሻሺቱ «እኔ አለሁበት» ስላለቻት ነው። ቅቤ ሻጭ ደግሞ ያለ ቃል ምን አላት? ቅቤዋ ውስጥ ሙዝ እንዳልቀላቀለች የሚመሰክርላት ስሟ ብቻ ነው። ያ ስም ዛሬ ጠዋት በአንዲት «እሺ» ተሸጠ፤ የሸጠው ደግሞ የገዛ ባሏ ነው። ተናደደች፤ ከንዴቷም በላይ አፈረች፣ ራሷ ያደረገችው ይመስል።

ቁርስ ላይ ኩርኩፋ ቀረበ፤ በሃለኮ፣ ማለትም በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለች የበቆሎ ድብልብል፣ ካሱ ደጋ ተወልዶ ቆላ ከወረደ ወዲህ የለመዳት። ጌዲዮን ወረቀቱን ይዞ መጣና ከመብላቱ በፊት ካላነበብኩላችሁ አለ። «የማኅበራችን መሠረታዊ እሴቶች» ብሎ ጀመረ፣ ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን አጥርቶ። ታማኝነት አለ። ትጋት አለ። አርቆ አስተዋይነት አለ። «ግልጽነት» ሲል ካሱን ኩርኩፋው ትን አለው። ሻሺቱ ውኃ አላቀበለችውም። ጌዲዮን ተነስቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገለትና «ጋሼ፣ ይኼ ቃል ይከብዳል እንዴ? ልቀይረው?» ሲል ጠየቀ። «አይከብድም፣ ተወው» አለ ካሱ ዓይኑን እየጠረገ። ባልና ሚስቱ አልተያዩም። ትሪው መሀል ላይ የነበረችው የመጨረሻዋ ኩርኩፋ እዚያው ቀዘቀዘች፤ በሌላ ቀን ቢሆን ካሱ ወደ እሷ ይገፋታል፣ እሷም መልሳ ትገፋለታለች፣ በመጨረሻ ጌዲዮን ይበላታል። ዛሬ ማንም አልነካትም፣ ጌዲዮን እንኳ።

ካሱ እጁን ታጥቦ ሲነሳ «ሃላቃ ዳምጤ ይመጣል» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ። «ማለዳ ወደ ዶርዜ በወጣው አይሱዙ መልእክት ልኬያለሁ፤ ሲመለስ ይዞት ይወርዳል። ስብሰባውን ይመርቅልን።» ጌዲዮን በፕሮግራሙ ላይ ምርቃት አልያዝኩም አለ። «ያዝ እንግዲህ» አለው። «ጉግሳም ያውቃል፤ አሁን ወጣ ስል አግኝቼ ነግሬዋለሁ። ምርቃት ያምራል፣ ፎቶም እንነሳለን ብሎኛል።» ሃላቃ ዳምጤ በደጋው ዘንድ ትልቅ ሰው ነው። ሃላቃነቱን፣ ማለትም አገሩን ወክሎ የሚያገለግልበትን ሹመት፣ ካስረከበ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሲቀላ ያሉ ዶርዜዎች ዛሬም ሃላቃ ይሉታል። ሻሺቱን ይበልጥ ያቃጠላት ይኼኛው ሆነ። ሌብነቱ አንሶ በሽማግሌ ምርቃት ሊሸፍነው! ቅርጫቷን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች።

የቅዳሜ ገበያ የሰውን ሐሳብ አያከብርም። ሙዙ ይወርዳል፣ ማንጎው ይረገጣል፣ ከጫሞ ሐይቅ የመጣው አሳ በፀሐይ እንዳይበላሽ ሁሉም ይቻኮላል። ሻሺቱ የኮባ ቅጠሏን ዘርግታ ቅቤዋን ደረደረችና ተቀመጠች። ገዢ ይመጣል፣ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ያሸታል፣ አሥራ ስምንት ስትለው አሥራ አምስት ይላል፣ እሷም በሌላ ቀን የምትሰድበውን ሰው ዛሬ «ውሰደው» ትላለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ቅቤ ሻጭ ሁለት ጊዜ ዞራ አየቻት። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ የወረደች አንዲት እመቤት ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ቅቤው ሸተተኝ ብላ ብትከራከራት እንኳ «እንግዲያው አይግዙት» አለች እንጂ የቅቤዋን ክብር አልተከላከለችም። ሐሳቧ ሁሉ ከወዲያ ማዶ ባለው የአሳ መደብ ላይ ነበር።

አገርነሽ በበኩሏ የበዓል ሰው መስላለች። ቆሮሶ የሚባለውን አሳዋን ስትከፍል፣ ቅርፊቱ በክንዷ ላይ ሲረጭ፣ ታንጎራጉራለች። ለስብሰባው የሚሆን አዲስ ነጠላ አምጥታ ከአሳው ሽታ እንዲርቅ ከፍ አድርጋ ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። ሻሺቱ ቅቤዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ እሷ ሄደች። «አገር፣» አለቻት፣ «ገንዘቡን ቆይተሽ ብትሰጪስ? ለሚቀጥለው ዙር?»

«ሰጠሁ እኮ! ለጌዲዮን ሐሙስ አስረክቤያለሁ። ደግሞ ምን ሆንሽ አንቺ? አስገቢ ብለሽ የጨቀጨቅሽኝ አንቺ!»

«እንዲያው... ቆርቆሮሽ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።»

«ክረምት ላይ ዝናብ ቤቴ ገብቶ ሲያድር የለመድኩት ነው፣ አንድ ክረምት ብጨምር አልሞትም። አንቺ ካለሽበት እኔ ምን እጠይቃለሁ?» አለችና አገርነሽ የአሳ ደም በነካው ክርኗ የሻሺቱን ጎን ገፋ አደረገች፣ እንደ ማቀፍ። ሻሺቱ ልትነግራት አፏን ከፍታ ነበር። ግን ምን ብላ? ባሌ ሌባ ነው ብላ? ነገር በገበያ መሀል ከተነገረ አሳ ከመሸጡ በፊት ሲቀላን አዳርሶ ሴቻ ይደርሳል። ካሱ ነገ በየትኛው ፊቱ ከሰው ፊት ይቆማል? ባትነግራትስ እሷ ራሷ በየትኛው ፊቷ? ለባል ያደላች እንደሆነ ስሟ ይቀበራል፣ ለስሟ ያደላች እንደሆነ ትዳሯ። ወደ ቅቤዋ ተመለሰች፣ ስትመለስም ቆርጣ ነበር፤ ስብሰባው ላይ፣ ከመጽደቁ በፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ትናገራለች። ካሱ ከዚያ በኋላ ቤት ያስገባት አያስገባት እሱ ይወቅ።

ቤት ስትመለስ ሃላቃ ዳምጤ ሳሎን ተቀምጧል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቡሉኮውን በቆላው ሙቀት እንኳ ከትከሻው የማያወርድ ሽማግሌ ነው። ካሱ ከጎኑ ተቀምጦ እንደ ተማሪ እጁን በጉልበቱ መሀል ከቷል። ስለ ደጋው ዝናብ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ማን መሞት በጋሞኛ ሲያወሩ ሻሺቱ ምሳ አቀረበች። በልተው ሲጨርሱ ካሱን ጓዳ ጠራችው። ችፑዱ እንዳለ ስለምታውቅ በሹክሹክታ «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችው። ዕድል እየሰጠችው ነበር። ካሱ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው የቅቤ ማጠቢያ ገበቴ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ገበቴው። «እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ ሃላቃን ይዘሽው ነይ» አለና ወጣ።

ከቤታቸው እስከ ዕድሩ አዳራሽ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሽማግሌው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በቦዩ ዳር፣ የኩልፎ ወንዝ ውኃ በሚያልፍበት፣ ሣሩ ያቆጠቆጠ ነው። ሃላቃ ዳምጤ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጨና በእጁ ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «ቤታችሁ ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰላም ያለበት ቤት ሽማግሌ በመኪና አያስመጣም» አለ።

ሻሺቱ ቆመች። ሁሉንም እዚያው፣ በቦዩ ዳር ልታፈስለት ፈለገች። ሽማግሌው ግን ሣሩን የያዘ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማት። «ለእኔ አትንገረኝ። ነገር ካለህ እዚያ ትናገራለህ፣ ሰው ባለበት» አላት። የደጋው አማርኛ ሴትን እንደ ወንድ ያናግራል፤ ዛሬ ግን እንደ ወንድ መጠራቷ አበረታት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሸማኔዎቹ በአንድ በኩል፣ የገበያ ሴቶች በሌላ፣ ከውኃ ቴክኖሎጂው ተቋም የመጡ ጥቂት ተማሪዎች ደግሞ የመጡበትን ሳያውቁ በመስኮት በኩል ቆመዋል፤ ምናልባት ጥግ ላይ የተደረደረው የሚሪንዳ ሳጥን ይሆናል የጠራቸው። አገርነሽ አዲሱን ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ለሻሺቱ ቦታ ይዛለች። ጉግሳ በከረባት ንግግር አደረገ። ደህና ንግግር ነበር፣ አይካድም፤ ስለ ዕድገት፣ ስለ ሙዝ፣ ከአርባ ምንጭ የሚሄድ ሀብት ለአርባ ምንጭ እንደሚመለስ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ጌዲዮን እሴቶቹን አነበበ። «ግልጽነት» ሲል ሻሺቱ ወደ ካሱ አየች። ካሱ ከፊት ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ጉግሳ እጁን አጨብጭቦ «እንግዲህ አባታችን ይመርቁናል፣ ከዚያ እናጸድቃለን፣ ከዚያ ለስላሳ እንጠጣለን» ሲል ተሳቀ።

ሃላቃ ዳምጤ ሣሩን ይዞ ተነሳ። ሰው ሁሉ እጁን ለአሜን ዘረጋ። ሽማግሌው ግን ዝም ብሎ ቆመ። ዝምታው ሲረዝም ጉግሳ ለፎቶ አንሺው ምልክት ሰጠ፤ ፎቶ አንሺው አነሳ፤ ሽማግሌው አሁንም ዝም። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ጎሜ ያለበት ይናገር» አለ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሸማኔዎቹ ግን አልሳቁም፤ አንዳንዶቹ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ጎሜ በጋሞ ምድር ቀልድ አይደለም። የተደበቀ በደል ነው፤ ባለቤቱ በሰው ፊት ካልተናዘዘው ዝናብ ያስቀራል፣ ከብት ይገድላል፣ ሕፃን ያሳምማል ይባላል፤ እሱ እያለ የተመረቀ ምርቃትም አይሠምርም። ጉግሳ ፈገግ ብሎ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አለና «አባቴ፣ ምርቃቱ ብቻ ይበቃል» አለው። «በጎሜ ላይ አልመርቅም» አለ ሃላቃ ዳምጤ፣ ጉግሳ በሹክሹክታ ላለው አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ እየመለሰ። «እጠብቃለሁ። ቸኩሎ የመጣ ሰው እኔ አይደለም።»

ይኼን ነው ጉግሳ ያልገመተው። በእሱ አገር ምርቃት የስብሰባ ጌጥ ነው፣ እንደ አበባ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ሻሺቱ ግን ገባት፤ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አጣፋች። አገርነሽ ጎኗ ተቀምጣ ምንም ሳታውቅ እጇን ይዛታለች። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችና ልትነሳ ስትል ከፊት ሌላ ወንበር ተንቋቋ።

የተነሳው ካሱ ነው።

«እኔ አለብኝ» አለ። ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፏል፤ ሸማኔ ከተቀመጠበት ጉድጓድ ሲወጣ እንደሚያደርገው። «ዛሬ ጠዋት ጉግሳና እኔ ተስማምተናል። ማኅበሩ ቢከስር መጀመሪያ የእኛን ልናወጣ፣ የተረፈውን እናንተ ልትካፈሉ። ለእናንተ ልንነግራችሁ አልነበረም። ጉግሳ አለ፣ እኔ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። የጉግሳ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። «ካሱ! ሽማግሌ ያስመጣኸው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው» አለ ካሱ። «ፊት ለፊት እምቢ ልልህ አቃተኝ። የፈትል መጋዘኔ የተቃጠለ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ገንዘብ ይዘህ በሬን ያንኳኳህ አንተ ነህ፤ ውለታህ አፌን ያዘው። በራሴ ካልቻልኩ ሃላቃ ያስችለኛል ብዬ ነው የላክሁበት። አንተን ለማዋረድ አይደለም፣ ይቅር በለኝ።»

አገርነሽ ግን ወደ ጉግሳ አላየችም፣ ወደ ካሱም አላየችም። ፊቷን ወደ ሻሺቱ አዙራ ነበር። «አንቺስ?» አለቻት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጠዋት ሰማሁ» አለች ሻሺቱ ቆማ። ሁሉም ይሰማት ነበር። «ገበያ ልነግርሽ መጥቼ አቃተኝ። አሁን እሱ ባይነሳ እኔ ልነሳ ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ወንበሬን ገፍቼ ነበር።»

«እውነቷን ነው» አለ ካሱ። «እንደሰማች አውቄያለሁ። ጉግሳ ያንን ሲናገር በጓዳ በኩል የቅቤው ድምፅ ቆመ። እስካሁን ሲቆም በጆሮዬ ይሰማኛል።»

ሻሺቱ ተቀመጠች። እንደ እሷ ሁሉ እሱም ሰምቷል ለካ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሸክም ለሁለት ተሸክመው፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የተሸከሙ መስሏቸው ሲንገዳገዱ ውለዋል። አገርነሽ ለአፍታ አሰበች፣ ከዚያ ያቺን ያላቀቀችባትን እጅ መልሳ ያዘች፣ ጠበቅ አድርጋ። ሻሺቱ እንባዋ መጣ። እፎይ አለች፤ ገና ምንም ሳይወሰን፣ ገና ማኅበሩ ይፍረስ ይቁም ሳይታወቅ፣ እፎይ አለች።

ጉግሳ ዝም አላለም። ክፉ ሰው ስላልሆነም ነው ዝም ያላለው። የቢሮውን ኪራይ ከኪሱ እንደከፈለ፣ ለፈቃድ ሲመላለስ ሱቁን እንደዘጋ፣ ማኅበሩ ነገ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚታማው እሱ እንደሆነ ተናገረ። «የለፋ መጀመሪያ ቢድን ምን ነውር አለው?» አለ። ከሸማኔዎቹ ወገን ገንዘባችን ይመለስልን የሚል ድምፅ ተነሳ፣ ሌላው ጮኸ፣ ጌዲዮን በወረቀቱ ራሱን ያናፍሳል። ሃላቃ ዳምጤ ሣሩን ዘርግቶ እስኪረጋጉ ጠበቃቸው።

«እኔ ሃላቃ የሆንኩ ጊዜ፣» አለ፣ «ለአገር ደገስኩ። የለፋሁ እኔ፣ በሬው የእኔ፣ ገብሱ የእኔ። አገር ከበላ በኋላ ነው ድስቱን ያየሁት። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። የለም ጊዜ ሚስቴ ትስቅብኛለች።» ሴቶቹ ሳቁ። «መጀመሪያ የሚበላ ሃላቃ አይባልም። እንግዳ ይባላል።»

አገርነሽ ከተቀመጠችበት «እንግዲያው እንዲያ ይሁን!» አለች። «ከከሰረ መጀመሪያ የእኛ ይውጣ፣ የእናንተ መጨረሻ ይሁን። እንዲያ ከሆነ እኔ የቆርቆሮዬን ገንዘብ መልሱ አልልም፣ እዚሁ ይዋል። ካልሆነ አሁኑኑ ስጡኝና ልሂድ፣ አሳዬን ለሰው ጥዬ ነው የመጣሁት።» ፈይሩዝ «እኔም» አለች። ሸማኔዎቹም፣ ከጫኖ የመጡትም፣ እኔም እኔም አሉ። ካሱ ጉግሳን ተመለከተ። «እኔ ተስማምቻለሁ» አለው። «አንተስ?»

ጉግሳ ከረባቱን ላላ አደረገ። አዳራሹን ቃኘ፣ የሚወጣበትን በር የሚፈልግ ይመስል። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማኅበሩ አንዴ ፈርሶ አንዴ የተሠራ መሰለ። በመጨረሻ «እናንተ የምትፈልጉት ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን ሃላቃ ነው» አለ፣ ቅሬታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ። «ይሁን። ካልከሰረ ልዩነት የለውም አይደል? እንግዲህ አላከስረውም!» ሰው ሁሉ ያጨበጨበው አሁን ነው፣ ከንግግሩ ይልቅ። ጌዲዮን እስክሪብቶውን መዝዞ ይኼ ስንተኛ እሴት ይሁን ብሎ ጠየቀ። «አንደኛ አድርገው፣» አለችው አገርነሽ፣ «ሌላውን እንደፈለግህ ደርድረው።»

ያን ጊዜ ሃላቃ ዳምጤ መረቀ። በጋሞኛ ነበር የመረቀው፤ ጉግሳና ተማሪዎቹ ቃሉን ባይሰሙም አሜን ሲባል አሜን አሉ። ሣሩን በየሰዉ እጅ አዳረሰ፣ ለጉግሳም ሰጠው፤ ጉግሳ ከከረባቱ አጠገብ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ የሚሪንዳው ሳጥን ተከፈተ። ጌዲዮን ሊያድል ሲነሳ ጉግሳ ከእጁ ነጠቀውና ራሱ እየከፈተ ከሴቶቹ ጀምሮ አደለ። ሰዉ ግን ከታሰበው በላይ ነበር፣ በመስኮት በኩል የቆሙት ተማሪዎችም አልራሩም። የእሱና የካሱ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ጉግሳ ባዶውን ሳጥን ገለበጠው፣ ካሱን አየው፣ ካሱም አየው። «ሃላቃ ሆነን አረፍነው» አለና ሳቀ፤ ያ ጎረቤት የሚሰማው ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ካሱም ሳቀ፣ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አገርነሽ ጠርሙሷን አጋምሳ ለሁለቱ ላከችላቸው።

ማታ፣ እራት ገና ሳይቀርብ፣ ሃላቃ ዳምጤ ሶፋው ላይ ቡሉኮውን ተከናንቦ ጋደም ብሎ ነበር፤ ጌዲዮን ሶፋውን ተነጥቆ ደጃፍ ላይ አዲሱን አንደኛ እሴት በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። ሻሺቱ ጓዳዋ ገባች። ወደ ገበያ ያልወሰደችው ቅቤ ነበራት፤ ጠዋት ሐሳብ ላይ ሆና ሳታጥበው ያስቀረችው። ውኃ ቀዳችበትና ተንበረከከች። ከችፑዱ ወዲያ ካሱ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማችው። እጇን ቅቤው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ የቅቤው ድምፅ መቆሙን እንዲሰማው። ከዚያ ጠፍ አደረገችው። ጠፍ ጠፍ። ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ሻሺቱ ፈገግ አለችና ይበልጥ መታችው፣ ገበቴው እስኪንሸራተት፣ ውኃው ችፑዱን እስኪረጨው።

«ኧረ ቀስ!» አለ ካሱ ከማዶ፣ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ይዞ። «ግድግዳው ይወድቃል።»

«ይውደቅ!» አለች ሻሺቱ።